የዝናብ መጥረጊያው ለማን ይጠርጋል?

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። ልሳነወርቅ ይባላል። የሚኖረው ክረምት ከበጋ ዝናብ በማይለየው ተራራማ ከተማ ውስጥ ነው። ሱቁ ከታች ገበያው ዳር፣ ኋላ የገባበት ቤት ደግሞ ከላይ ከአቀበቱ ጫፍ ላይ ነበር።

ልሳነወርቅ በከተማው ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ሲያወራ ይጮኻል። «ደህና አደርክ» ሲል እንኳ የተቆጣ ይመስላል። ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሰዓት ሲቆጥር ሲሰማ ስለሚውል ነው ይሉ ነበር። ሁለተኛ፣ ኦርጅናል ያልሆነ ነገር አይወድም። ውስጡ የተነካካ ሰዓት ሲመጣለት ጀርባውን ከፍቶ ያያል፣ መልሶ ይዘጋል፣ ለባለቤቱ ይሰጣል። «ይሄ ሰዓት አይደለም፣ ቅራቅንቦ ነው» ይላል፣ ያው እየጮኸ። ሰውየው ሰዓቱ የአባቱ ቅርስ እንደሆነ ቢነግረውም አይራራም። እጁ ወርቅ ስለሆነ ግን ሰው ችሎት ይኖራል።

ይህ ሰው እስከ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ድረስ አላገባም። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። እናቱ ጉልበታቸውም፣ ዓይናቸውም፣ ጆሯቸውም ደክሞ ብዙ ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። እሱም አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው ጥሏቸው አላደረም። እሳቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች መክረው ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር አገናኙት።

አልጋነሽ ባሏ ጌታነህ ከሞተባት አራት ዓመት የሆናት፣ ጨዋታ የምታውቅ፣ ግን ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ከአቀበቱ ጫፍ ያለው የእሷ ቤት ሰፊ ስለነበር ልሳነወርቅ ወደ እሷ ገባ። ያን ዕለት በሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ቃል ሰጠ። «ይህን አቀበት በእግሯ ስትወጣ አላይም። መኪና እገዛላታለሁ» አለ።

ስምንት ወር አለፈ፣ መኪናው ግን አልተገዛም። ደላላው ያላሳየው መኪና አልነበረም። አንዱን ቀለሙ ሁለተኛ ነው ብሎ ተወው። ሌላውን የወንበሩ ጨርቅ ተለውጧል ብሎ መለሰው። አንዱን ደግሞ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ የሬዲዮው ቁልፍ ከሌላ መኪና የመጣ ነው ብሎ አልፈልግም አለ። ደላላው በመጨረሻ፣ «አቶ ልሳነወርቅ፣ እርስዎ የሚፈልጉት መኪና ገና አልተወለደም» ብሎት ሄደ። አልጋነሽ ግን በየቀኑ ዘንቢሏን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሦስት ቦታ እያረፈች አቀበቱን ትወጣ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የልሳነወርቅ ልብ የተያዘው በሌላ ነገር ነው። በቤቱ ወጡ ጨው የለውም። ሟቹ ጌታነህ ደም ብዛት ነበረበትና አልጋነሽ ያለ ጨው መሥራት ለምዳ ቀርታለች። ልሳነወርቅ ግን ደም ብዛት የለበትም። «ጨው አነሰው» ማለት ሁለት ቃል ናት፣ እሷን ማለት አቃተው። የሟችን ስም ማንሳት መስሎት ይሉኝታ ያዘው። ስለዚህ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው በኮቱ ኪስ ይዞ፣ እሷ ፊቷን ዞር ስታደርግ እየነሰነሰ ስምንት ወር በላ። የሃምሳ ዓመት ሰው በገዛ ቤቱ ተደብቆ ጨው ሲነሰንስ እስቲ አስቡት።

ጨውስ ቀላል ነው። የጎዳው በሩ ነበር። ጌታነህ በሕይወት ሳለ ከሥራው በብስክሌት የሚመለሰው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አልጋነሽ ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከተቀመጠችበት ትነሳና የግቢውን በር አንዱን መዝጊያ ብስክሌት በሚያሳልፍ መጠን ገርበብ ታደርገዋለች። ትንሽ ቆይታ መልሳ ትዘጋዋለች። ልሳነወርቅ እሑድ እሑድ ቤት ሲውል ይህን ያያል። ሰዓት ሠሪ ነውና ደቂቃው ዝንፍ እንደማይል ያውቃል። በሌላው ቀን እሱ ሱቁን ዘግቶ አቀበቱን ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

«ለሌለ ሰው የሚከፈት በር እኔ ስመጣ ይንኳኳል» አለ በልቡ። ለማንም አልተናገረም። ቀስ እያለ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የእናቱን ክፍል ጠረገ፣ ፍራሽም አስገባባት። መኪናውን ገዝቶ፣ ቃሉን ሞልቶ፣ መኪናዋን የአልጋነሽ የወንድም ልጅ እንዲነዳላት አስረክቦ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደዚያች ክፍል ሊመለስ ቆርጦ ነበር። ታዲያ መኪናዎቹን ሁሉ እንከን እያወጣ የሚመልሰው ኦርጅናል ስላልሆኑ ይሁን፣ ወይስ የመለያያው ቀን እንዳይደርስበት፣ እሱም አያውቀውም።

አንድ ቀን ጋሽ ኑርሁሴን ሱቁ ድረስ መጣ። ጋሽ ኑርሁሴን የከተማው አንጋፋ መካኒክ ነው፤ አልጋነሽ አቀበቱን ስትወጣ ሁለተኛ ጊዜ የምታርፈው የእሱ ጋራዥ በር ላይ ነው።

«አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና መጥታለች» አለው። «ባለቤቷ ወጣት ልጅ ነው፣ አገር ሊለቅ ስለሆነ ሊሸጣት ነው። የነገርኩህም ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ለአልጋነሽ ጉልበት ብዬ ነው።»

ባልና ሚስት ሄደው አዩአት። መኪናዋ ገና ከሩቅ ልሳነወርቅን አስደነገጠችው። ከኋላዋ ክንፍ የመሰለ ነገር ተተክሎባታል። ከበሮቿ በታች አረንጓዴ መብራት ተዘርግቷል። ሞተሯ ሲነሳ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ይህ ሁሉ ሳያንስ መሪዋም የተዛወረ ነው። ይህች መኪና ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ በእኛ አገር መንገድ እንድትሄድ ሰው ፈትቶ ወደ ግራ አምጥቶታል።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ ይቺማ ሆድ ዕቃዋ ሳይቀር ተገልብጧል» ብሎ ጮኸ ልሳነወርቅ።

«አዎ፣ ተገልብጧል» አለ መካኒኩ። «እኔም ከሥር ገብቼ ብየዳውን በእጄ ዳሰስኩት። የሠራው ሰው አልቸኮለም፣ እጁ ይባረክ። ፍሬኗ ደህና ነው። ሞተሯን ማንም አልነካውም።»

«ይሄ ክንፍስ?»

«እሱ የልጅነት ነው፣ በግማሽ ቀን አወልቀዋለሁ። ስማኝ ልጄ፣ መኪና ሲለወጥ ለታይታ የተለወጠ አለ፣ ለኑሮ የተለወጠ አለ። ለታይታ የተደረገውን አውልቀህ ጣለው። ለኑሮ የተደረገውን ግን ተማረው። ይቺ መሪዋን ያዞረችው ለመኖር ነው።»

«እንከን የላትም እያሉኝ ነው?»

«አላልኩህም። አንድ አላት። እያት፣ ዝናቡም እየመጣ ነው። አቀበቱን አንድ ጊዜ ውጣና ተመለስ። በግራህ በኩል ቀስ በል። ብቻህን ደግሞ አትሂድ፣ ወይዘሮ አልጋነሽን ከጎንህ አስቀምጥ።»

ልሳነወርቅ መሪውን ያዘ። አልጋነሽ በቀኙ ተቀመጠች። ከጋራዡ እንደወጡ ዝናቡ ጣለ፣ እሱም መጥረጊያዎቹን አስነሳ። የአልጋነሽ ወገን እስከ ጥጉ ድረስ ጥርት አለ። በእሱ ወገን ግን ከበሩ ምሰሶ አጠገብ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳይጠረግ ቀረ፣ ውኃው እንደልቡ ይወርድበታል። መሪውን ያዛወሩት ሰዎች መጥረጊያውን አላዛወሩትም ነበር። ልሳነወርቅ አንገቱን ወዲህም ወዲያም እያለ፣ እየተነጫነጨ ነዳ።

ወደ አቀበቱ መንገድ በግራ ሊታጠፍ ሲል አልጋነሽ፣ «ቁም፣ ቁም» አለች።

ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ቆመች። ካልተጠረገው ጥግ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። የስፖንጅ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ፣ ከላዩ ላስቲክ ደርቦ፣ ፊቱን ከዝናቡ አቀርቅሮ መንገዱን ያቋርጣል። መኪናም እንዳለ አላወቀም። በአፍንጫቸው ሥር አልፎ ሄደ።

ልሳነወርቅ ሞተሯን ሳያጠፋ መኪናዋን ዳር አስያዘ። መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ስምንት ወር ያፈነው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

«አልገዛትም» ብሎ ጮኸ። «ተመልከቻት። መሪውን ወደዚህ አምጥተውታል፣ መንገዱም ተለውጧል፣ እሷ ግን ዛሬም የምትጠርገው እዚያ ማዶ ተቀምጦ ለነበረው ሰው ነው። ያ ሰው እኮ ሄዷል፣ የለም። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።» ድምፁ ወረደ። «እንዲህ ያለ ነገር እቤቴ ያለው ይበቃኛል።»

አልጋነሽ የነገር ጫፍ ሲሰጧት ሥሩን የምታገኝ ሴት ናት።

«በሩን ነው?» አለችው።

«በሩንም ነው። ጨውንም ነው።»

«የምን ጨው?»

ከኮቱ ኪስ ወረቀቱን አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ፈታችው። ጨው መሆኑን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ቀረ።

«ስምንት ወር ሙሉ?»

«ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? አንተስ ጨው ነው የቀረብህ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ጌታነህን የምጠብቅ መስሎህ ነው? ቀብሬዋለሁ እኮ፣ መሞቱን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በሩን መክፈቴንም ልብ የምለው ከከፈትኩት በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እጄ ብቻውን ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን እጅ ማን በአንድ ቀን ተው ይለዋል?»

ልሳነወርቅ የተፈታውን የጨው ወረቀት ከጭኗ ላይ አንስቶ መጠቅለል ጀመረ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ» አለች። «ለምንድነው የምትጮኽብኝ?»

«እኔ? እኔ አልጮኽም» ብሎ ጮኸ።

«የመጀመሪያውን ወር ተደብቄ ሳለቅስ ነው የከረምኩት፣ ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የሚቆጣኝ እያልኩ። ኋላ የሱቅ ጎረቤቶችህን ጠየቅኩ። እናቱ ጆሯቸው አይሰማም ነበር፣ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው ያናገራቸው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስትጮኽ ደስ ይለኝ ጀመር። እናቱን ሳይሰለች እንዲህ ያናገረ ሰው እኔም ጆሮዬ ሲደክም አይተወኝም አልኩ። ልሳኔ፣ የአንተም መጥረጊያ ወዲያ ማዶ ነው እኮ የሚጠርገው።»

እናቱ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እሱ ግን ባወራ ቁጥር ለእሳቸው እንዲሰማ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ይህን አንድም ቀን አላስተዋለም። እናቱ ናፈቁት፣ ሚስቱም አሳዘነችው። አንድ ወር ሙሉ ያለቀሰችው እሱ በማያውቀው በደል ነበር።

«አላውቅም ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አልክ?»

«አላውቅም ነበር» ብሎ ጮኸ፣ ሁለቱም ሳቁ።

«ደግሞ ሌላ ነገር» አለች አልጋነሽ። «የለም ባልከው ሰው ወንበር ላይ እኮ እኔ ተቀምጫለሁ። መጥረጊያው ለእኔ እየጠረገልኝ ነው። ከዚህ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። አንተ ንዳ፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

አቀበቱን ወጡ። በግራህ ጉድጓድ አለ፣ በሬ የሚነዳ ሰውዬ እየመጣ ነው፣ ወደ እኔ ጠጋ በል፣ እያለች እስከ ቤታቸው አደረሰችው። ሲመለሱ ጋሽ ኑርሁሴን ጋራዡ በር ላይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል።

«አገኘኸው?» አለው።

«አገኘሁት። ይህ መጥረጊያ አይዛወርም?»

«ሲሠሯት አብሮ የተሠራ ነው፣ ሙሉ በሙሉ አይዛወርም። የግራውን በረዥም ልቀይርልህ እችላለሁ። ያ ጥግ ይጠባል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«የት እንዳለ አውቀኸዋል። አሁን የሚጎዳህ ስትረሳው ነው። በዝናብ ቀን ቀስ በል፣ ሰው ከጎንህ ካለ ደግሞ ያየውን ይንገርህ።»

መኪናዋ ተገዛች። ክንፉ ወለቀ፣ ማርሚታውም ዝም በሚል ተቀየረ። ጋሽ ኑርሁሴን አረንጓዴውን መብራትም ሊነቅል ሲል አልጋነሽ፣ «እሱን ተውልኝ፣ ስወርድ እግሬ ሥር ያለውን ጭቃ ያሳየኛል» አለች። ተተወላት።

ዝናብ በጣለበት በዚያው ዕለት ማታ ወጡ ጨው በዛበት። አልጋነሽ ስምንት ወር ያጎደለችውን በአንድ ቀን ልትሞላ የፈለገች ይመስላል። ልሳነወርቅ አንዴ ጎረሰና ቀና አለ። «በዛ» አለ ጮክ ብሎ። ሁለት ቃል እንኳ አላስፈለገውም። እሷም ወጡን ወሰደችና ውኃ ጠብ አድርጋ መለሰችለት፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

መኪናዋን በተረከበ ማግሥት ልሳነወርቅ ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብሎ ዘጋ። በእግሩ ቢሆን በሰዓቱ የማይጨርሰውን አቀበት በመኪናዋ ወጣ። ከግቢው በር ላይ ሲደርስ የእጅ ሰዓቱ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። በሩ አንዱ መዝጊያ ገርበብ ብሏል፣ ብስክሌት በሚያሳልፍ መጠን። አልጋነሽ እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ቆማለች። እጇ ዛሬም ብቻውን ሄዶ ከፍቶት፣ እሷም ምነው ከፈትኩት ብላ መልሳ ልትዘጋው ነበር።

ልሳነወርቅ ጥሩምባ አልነፋም። ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀምጦ አያት። እሷም አየችው። ከዚያ እያነከሰች ሄዳ ከዓመታት ወዲህ ያልተነካውን የሌላውን መዝጊያ መወርወሪያ ሳበችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግባ» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ የሚገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በእናቱ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ አስገጥሟል። ድሮ ቅራቅንቦ ናቸው ብሎ የሚመልሳቸው ሰዓቶች፣ መርፌያቸው ከሌላ የመጣ፣ ውስጣቸው በሌላ ሰው እጅ የተነካካ፣ አሁን እዚያ የመጠገን ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሰዓቱን ከመቀበሉ በፊት ባለቤቶቹን አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል፣ ያው እየጮኸ፦ «ይሄን ለምን ለወጡት?»

ወገኖቼ፣ ከእናት ማህፀን እንደወጣ፣ ማንም ሳይነካው ወደ እኛ የሚመጣ ሰው የለም። አንዱን ሐዘን፣ አንዱን ፍቅር፣ ሌላውን ማስታመም ለውጦት ይመጣል። ለታይታ የጫንነውን በጊዜው ማውለቅ ደግ ነው። ለመኖር ስንል የተለወጥነውን ግን ከመናቅ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ በልብ ከመቁሰል «ይህ ከምን መጣ?» ማለት ይቀላል። ደግሞም ሌላውን ስንጠይቅ የገዛ ራሳችንን ጥግ እንዳንረሳ፤ እሱን ከእኛ ይልቅ አጠገባችን ያለው ሰው ያየዋል።

እስቲ ዛሬ ማታ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት፦ የእኔ መጥረጊያ ሳይጠርገው የቀረው የትኛው ጥግ ነው?